ቀለበት ለቀለበት ይገጥማል ወይስ አይገጥምም? የገብስ ቫይረስን አርኤንኤ በማፍረስና በመጠገን የመፈተኛ መመሪያ

የቫይረስን አርኤንኤ በኮምፒውተር አጣጥፎ ሥዕሉን ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሥዕሉ እውነት መሆኑን ማሳየት ግን ወራት ይፈጃል፤ የማያቸው የመመረቂያ ሥራዎች አብዛኞቹ የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው። ተማሪው አንዱን ቀለበት (አርኤንኤው ታጥፎ ሲጣመር በሚሠራው ግንድ ጫፍ ላይ ሳይጣመር የሚቀረውን ክፍል) ያበላሻል፣ ከአርኤንኤው የሚሠራው ፕሮቲን ይቀንሳል፣ ወዲያው «ስለዚህ ሁለቱ ቀለበቶች ይገጣጠማሉ» ብሎ ይደመድማል። ይህ ማስረጃ አይሆንም። ፊደል (ኑክሊዮታይድ) መቀየር በራሱ ብዙ ዓይነት ጉዳት ያደርሳል። ግጥሚያው የሚረጋገጠው በአንዱ ወገን ያፈረሳችሁትን በሌላኛው ወገን ስትጠግኑትና ፕሮቲኑ ሲመለስ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ቢዋይዲቪ የምንለውን፣ ገብስ፣ ስንዴና አጃ የሚያቢጨውንና የሚያቀጭጨውን ባርሊ የሎ ድዋርፍ ቫይረስ ነው፤ ዝርያው ፒኤቪ። በእኛም ደጋ የገብስ ማሳ ላይ በክሽክሽ የሚዛመት በሽታ ስለሆነ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። በሌላ ቫይረስ ላይ የምትሠሩም ቅደም ተከተሉን እንዳለ ውሰዱት፤ የሚለወጡት ፊደሎቹ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የዚህ ቫይረስ አርኤንኤ 5,677 ፊደል ርዝመት አለው። መነሻ ጫፉ ላይ፣ ማለትም በ5 ፕራይም በኩል፣ ካፕ የሚባለው መከለያ የለውም። መጨረሻው ላይ፣ በ3 ፕራይም በኩል፣ የኤ ጭራ፣ ማለትም የኤ ፊደሎች ድርድር፣ የለውም። የተክሉ ራይቦዞም፣ ማለትም አርኤንኤን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው መሣሪያ፣ ደግሞ በተለምዶ እነዚህን ሁለቱን ይፈልጋል። ቫይረሱ ይህን ያካካሰው በመጨረሻው ጫፍ በኩል፣ ከ4,814 እስከ 4,918 ባለው ቦታ፣ ቢቲኢ የሚባል 105 ፊደል ያህል የሆነ መዋቅር በማስቀመጥ ነው። ቢቲኢ ኢአይኤፍ4ኤፍ የተባለውን የትርጎማ (አርኤንኤን አንብቦ ፕሮቲን የመሥራት ሥራ) አስጀማሪ ይይዛል። ነገር ግን ትርጎማው የሚጀምረው በሌላው ጫፍ ነው፤ ያን ያህል ርቀት የሚያገናኛቸው የቢቲኢ አንድ ቀለበት በመነሻው ጫፍ ካለ ቀለበት ጋር በ5 ፊደሎች መገጣጠሙ ነው።

በመነሻው ቀለበት ያሉት ፊደሎች፦ ዩ-ጂ-ኤ-ሲ-ኤ
በቢቲኢ ቀለበት ያሉት፦ ዩ-ጂ-ዩ-ሲ-ኤ

ሁለተኛውን ከኋላ ወደ ፊት ስታነቡት ኤ-ሲ-ዩ-ጂ-ዩ ይሆናል፤ ከላይኛው ሥር ስታስቀምጡት ዩ ከኤ፣ ጂ ከሲ እያለ ፊደል በፊደል ይገጥማል። ይህን በወረቀት ላይ በእጃችሁ ጻፉት። ከኋላ ወደ ፊት ማንበቡን የረሳ ሰው የሚሠራው ጥገና ጥገና አይሆንም፤ ስህተቱም የሚታወቀው ሙከራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

1. አምስቱን ቅጂዎች ንደፉ

በመጀመሪያ ብርሃን የሚሰጠውን ፕሮቲን፣ የፋየርፍላይ ሉሲፈሬዝን፣ ጂን ከቫይረሱ መነሻ ጫፍና 870 ፊደል ገደማ ከሆነው የመጨረሻ ጫፍ መካከል ያስገባ አንድ ፕላዝሚድ (ክብ ዲኤንኤ) ያዙ። ከእሱ የሚወጡት ቅጂዎች አምስት ናቸው።

ያልተነካ፦ ሁለቱም ቀለበቶች እንዳሉ።
ግራ ሰባራ፦ የመነሻው ቀለበት ዩ-ሲ-ኤ-ጂ-ኤ ሆኖ።
ቀኝ ሰባራ፦ የቢቲኢው ቀለበት ዩ-ሲ-ዩ-ጂ-ኤ ሆኖ።
ጥገና፦ ሁለቱ ለውጦች በአንድ አርኤንኤ ላይ።
ሙት፦ ቢቲኢው ራሱ የተሰበረበት።

ለውጡን ልብ በሉት፤ ጂ እና ሲ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ አዲስ ፊደል አልገባም። ይህን የምመርጠው የግጥሚያው ጥንካሬ እንዳለ ስለሚቆይ ነው። ያልተነካው ሁለት የጂ-ሲና ሦስት የኤ-ዩ ጥንድ አለው፤ ጥገናውም እንደዚሁ። ጥገናችሁ ሦስት ወይም አራት የጂ-ሲ ጥንድ ካለው ከመጀመሪያው የበለጠ ይጣበቅና ውጤቱን ማንበብ ያስቸግራል።

ጂ ከዩ ጋርም ይጣመራል። ይህን የዘነጋ ሰው «ሰበርኩት» ያለው ቀለበት በከፊል ገጥሞ ያገኘዋል። ከላይ ባሉት ሰባሮች ውስጥ ጂ ፊት ለፊቱ ጂ፣ ሲ ፊት ለፊቱ ሲ ነው የሚያገኘው፤ ስለዚህ አይያያዙም።

ፕራይመር (ለፒሲአር መነሻ የሚሆን አጭር ዲኤንኤ) ከማዘዛችሁ በፊት እያንዳንዱን ቅጂ በሦስት ነገር ፈትሹ፦

ሀ. አርኤንኤፎልድ በተባለው የማጣጠፊያ ፕሮግራም ላይ አጣጥፉትና ቀለበቱን የተሸከመው ግንድ በሁሉም ቅጂዎች ላይ እንዳለ መሆኑን እዩ። ሙቀቱን ከ37 ወደ 25 ዲግሪ ለውጡት፤ ፕሮግራሙ ሳይነኩት 37 ላይ ነው የሚያጣጥፈው፣ እናንተ ግን የስንዴ እንጂ የሰው ነገር አይደለም የያዛችሁት። የሁለቱን ቀለበቶች ግጥሚያ ፕሮግራሙ ካላሳያችሁ አትደንግጡ፤ ተራ የማጣጠፊያ ፕሮግራሞች ቀለበት ለቀለበት ግጥሚያን አያዩም።

ለ. አዲሶቹ 5 ፊደሎች በአርኤንኤው ሌላ ቦታ አጋር እንዳያገኙ ፈልጉ። በተለይ በመነሻው ጫፍ ውስጥ።

ሐ. በመነሻው ጫፍ አዲስ ኤ-ዩ-ጂ፣ ማለትም የትርጎማ መጀመሪያ ምልክት፣ አለመፈጠሩን አረጋግጡ። ከተፈጠረ ራይቦዞሙ እዚያ ይጀምርና የሉሲፈሬዙ መቀነስ ከቀለበቱ ጋር የማይገናኝ ይሆናል።

2. ሙት ቅጂውን ሥሩ

በቢቲኢ ውስጥ ካለው 17 ፊደል ያልተለወጠ ክፍል መነሻ ላይ ጂ-ጂ-ኤ-ቲ-ሲ-ሲ የሚል የባምኤችዋን (ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም) መቁረጫ አለ፤ ቦታው 4,837 ላይ ነው። ፕላዝሚዱን በባምኤችዋን ቁረጡ፣ የተንጠለጠሉትን 4 ፊደሎች በክሌኖ ኢንዛይም ሙሏቸው፣ መልሳችሁ አጣብቁ። ጂ-ኤ-ቲ-ሲ ተደግሞ ይገባል፣ ቢቲኢውም ሥራ ያቆማል። ከሁሉም ቀላሉና አስተማማኙ መቆጣጠሪያ ይህ ነው። በፕላዝሚዱ ላይ ሌላ ባምኤችዋን ካለ ግን ሁለት ቦታ ስለሚቆረጥ አስቀድማችሁ ካርታውን ተመልከቱ።

እዚህ ላይ ሰው የሚጠመድበት ነገር አለ። የተሞላው ቦታ አዲስ የክላዋን መቁረጫ ይፈጥራል፤ ስለዚህ በክላዋን መፈተሽ ትክክል ይመስላል። እኔ ሁለት ሳምንት ያባከንኩት በዚህ ነው፤ ከባክቴሪያ ኮሎኒ በኋላ ኮሎኒ አወጣሁ፣ አንዱም አልተቆረጠም። ምክንያቱ፣ አዲሱ መቁረጫ በሁለቱም ጎን ከጂ-ኤ-ቲ-ሲ ጋር ተደራርቧል። ተራው የኢ. ኮላይ ዘር ደግሞ ጂ-ኤ-ቲ-ሲን ሜቲል ይለጥፍበታል፣ ክላዋንም ሜቲል ያለበትን አይቆርጥም። ክላዋንን ተዉት፤ በባምኤችዋን አለመቆረጡን እዩና ወደ ሲክዌንሲንግ ላኩት።

3. ሰባሮቹንና ጥገናውን ሥሩ

በፕራይመር የሚደረግ ተራ የፒሲአር ሚውቴሽን ይበቃል። አሮጌውን ፕላዝሚድ በዲፒኤንዋን፣ ሜቲል ያለበትን ዲኤንኤ በሚቆርጠው ኢንዛይም፣ አጥፉ። ጥገናውን ከዜሮ አትጀምሩት፤ ሲክዌንስ የተደረገውን ግራ ሰባራ ወስዳችሁ በላዩ ላይ የቀኙን ለውጥ ጨምሩ። ሲክዌንሲንጉ የቀለበቱን አካባቢ ብቻ ሳይሆን ከቲ7 ፕሮሞተር (አርኤንኤ ገልባጩ የቲ7 ኢንዛይም ከሚጀምርበት ቦታ) እስከ መጨረሻው ጫፍ ሙሉውን መሸፈን አለበት። ፒሲአር በሉሲፈሬዙ መሀል ያስገባው አንድ ስህተት ሰባራ ያልሆነውን ሰባራ ያስመስላል።

4. ፕላዝሚዱን ቀጥ አድርጉ

አርኤንኤው የት እንደሚያበቃ የሚወስነው ዲኤንኤው የተቆረጠበት ቦታ ነው። ስማዋን ደፍኖ ስለሚቆርጥ ጥሩ ነው፤ ግን የሚሠራው 25 ዲግሪ ላይ ነው፣ ከሌሎቹ ኢንዛይሞች ጋር 37 ውስጥ አትክተቱት። ኬፒኤንዋንና ፒኤስቲዋን የመሳሰሉ በ3 ፕራይም በኩል ጭራ የሚተዉ ኢንዛይሞችን ራቁ፤ ቲ7 በዚያ ጭራ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ በመገልበጥ የማትፈልጉትን አርኤንኤ ይሠራል።

ከተቆረጠው ላይ ጥቂት ወስዳችሁ ካልተቆረጠው አጠገብ ጄል ላይ አስሩጡ። ትንሽ ያልተቆረጠ ከቀረ እንደገና ቁረጡ፤ ክብ ሆኖ የቀረ ፕላዝሚድ ላይ ቲ7 ሳያቆም ስለሚዞር የአርኤንኤውን ብዛት ያዛባዋል።

5. አርኤንኤውን ገልብጡ

ጓንት ለብሳችሁ፣ ጠረጴዛውን አጽድታችሁ፣ 37 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰዓት በቲ7 አስገልብጡ። ቲ7 በጂ መጀመር ይወዳል። የቫይረሱ የመጀመሪያ ፊደል ጂ ካልሆነ አንድ ጂ ጨምሩ፣ ግን በአምስቱም ላይ እኩል ጨምሩ።

አምስቱን ያለ ካፕ ካዘጋጃችሁ በኋላ፣ ሁሉንም በካፕ ደግማችሁ አዘጋጁ። ይህን ብዙዎች ወጪ ለመቀነስ ይዘሉታል፤ አትዝለሉት። የካፑን አናሎግ ከጂቲፒ 4 ለ 1 አድርጉ። ጂቲፒው ስለሚቀንስ የምታገኙት አርኤንኤ ያንሳል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ካፕ ያለው ሰባራ በደንብ ከተተረጎመ፣ አርኤንኤው ሙሉ እንደሆነና ሉሲፈሬዙ እንዳልተበላሸ ትረዳላችሁ፤ ጉድለቱ ያለ ካፕ መጀመር አለመቻሉ ብቻ ይሆናል።

ሲያልቅ ዲኤንኤውን በዲኤንኤዝ አጥፉ።

6. አጽዱ፣ ለኩ፣ በዓይን እዩ

ከከሸፉት ሙከራዎች አብዛኞቹ የሞቱት በዚህ ደረጃ ነው፤ ቀስ በሉ።

በ2.5 ሞላር ሊቲየም ክሎራይድ አርኤንኤውን አዝቅጡ። ሊቲየም አርኤንኤውን ያወርዳል፣ የተረፉትን ኤንቲፒዎች (ያልተገጣጠሙ የአርኤንኤ ፊደሎች) ፈሳሹ ውስጥ ይተዋቸዋል። ይህ አስፈላጊ የሆነው ኤንቲፒም 260 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ ሳታጸዱ ከለካችሁ ማሽኑ የሌለ አርኤንኤ ይነግራችኋል። ከዚያ እንክብሉን በ70 በመቶ ኤታኖል ሁለት ጊዜ እጠቡት። ክሎራይድ ትርጎማን ያፍናል፤ በደንብ ያልታጠበ ናሙና እንደ ሰባራ ይመስላል።

ከለካችሁ በኋላ ቁጥሩን አትመኑ። ከእያንዳንዱ እኩል መጠን ወስዳችሁ በፎርማማይድ አሙቁትና ጄል ላይ ጎን ለጎን አስሩጡ። የምትፈልጉት አምስት እኩል የደመቁ፣ ጠርዛቸው የተሳለ መስመሮች ናቸው። ከመስመሩ ሥር ወደ ታች የሚንጠባጠብ ጭስ ካያችሁ አርኤንኤው ተቆራርጧል። አንዱ ቅጂ ከሌሎቹ ከደመቀ መጠኑን አስተካክላችሁ እንደገና አስሩጡ። መጠኑ በሁለት እጥፍ በሚለያይ ናሙና ላይ የተሠራ ሙከራ ስለ ቀለበት ምንም አይናገርም።

ከዚያ በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍላችሁ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የምትሠሩ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ቲዩብ በኤታኖል ውስጥ እንደተዘቀጠ ለብቻው ይቀመጥላችሁ፤ ፍሪዘሩ ቢቀልጥ ከዚያ ትነሳላችሁ።

7. በስንዴ ሽል ጭማቂ አስተርጉሙ

ዊት ጀርም የሚባለውን የስንዴ ሽል ጭማቂ ተጠቀሙ። የጥንቸል ደም ጭማቂ ካፕ ለሌለው አርኤንኤም ብዙ አይጨነቅም፤ የምትፈልጉት ልዩነት እዚያ ውስጥ ይሰወራል።

ሀ. መጠኑን አስሉ። አርኤንኤው 2,700 ፊደል ያህል ነው፤ በ340 ስታባዙት ለአንድ ፒኮሞል 0.9 ማይክሮግራም ገደማ ይመጣል። ለ25 ማይክሮሊትር 0.2 ፒኮሞል፣ ማለትም 180 ናኖግራም አካባቢ፣ ጥሩ መነሻ ነው።

ለ. አርኤንኤውን 65 ዲግሪ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አሙቁና በጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። በድንገት በረዶ ውስጥ የተከተተ አርኤንኤ በተጣመመበት ሊቀር ይችላል። የምታደርጉትን ሁሉ ለአምስቱም እኩል አድርጉ።

ሐ. ጭማቂውን በረዶ ላይ አቅልጡ፤ የተረፈውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

መ. የጋራ ቅልቅሉን በአንድ ቲዩብ አዘጋጁና አካፍሉ፣ አርኤንኤውን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። አርኤንኤ የሌለበት አንድ ቲዩብ ይኑር።

ሠ. 25 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አቆዩ፣ በረዶ ላይ አስቁሙ፣ ብርሃኑን ለኩ።

ረ. ከእያንዳንዱ ቲዩብ መጨረሻ ላይ ጥቂት ወስዳችሁ አርኤንኤውን እንደገና እዩ። የሰባራው አርኤንኤ ከሌሎቹ ፈጥኖ ከተበላ፣ ያያችሁት የትርጎማ ሳይሆን የዕድሜ ልዩነት ነው።

ከዋናው ሙከራ በፊት አንድ ቀን ለፖታሲየም ስጡ። ያልተነካውንና ሙቱን ብቻ ይዛችሁ ፖታሲየም አሲቴቱን ከ50 እስከ 140 ሚሊሞላር በደረጃ ከፍ አድርጉ። ፖታሲየሙ ሲያንስ ካፕ የሌለው አርኤንኤ ሁሉ ይተረጎማል፣ ሙቱም ይነሳል። ሲበዛ ሁሉም ይዳከማል። ያልተነካው ጠንክሮ ሙቱ ወደ ባዶው ቲዩብ የተጠጋበትን ነጥብ ያዙና እዚያው ቆዩ። አዲስ ጭማቂ በተገዛ ቁጥር ይህን ድገሙ።

ሦስት ጊዜ ድገሙ ሲባል ሦስት ቲዩብ ማለት አይደለም። ከቲ7 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ለየብቻ የተዘጋጀ አርኤንኤ ማለት ነው።

8. ውጤቱን አንብቡ

ሁለቱም ሰባሮች ወድቀው ጥገናው ከተነሳ፦ ግጥሚያው አለ፣ ትርጎማውም ይፈልገዋል። ጥገናው እስከ ያልተነካው ከፍታ ላይደርስ ይችላል፤ ከሁለቱም ሰባሮች በግልጽና በተደጋጋሚ ከበለጠ ይበቃል።

ጥገናው ካልተነሳ፦ ግጥሚያው የለም ብላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ካፕ ያለውን ጥገና እዩ፤ እሱም ከወደቀ አርኤንኤው ተበላሽቷል፣ ወደ ሲክዌንሱ ተመለሱ። ካፕ ያለው ደህና ከሆነ፣ የቀየራችኋቸው ፊደሎች ከመገጣጠም ሌላ ሥራ ይኖራቸው ይሆናል፣ ወይም ግንዱ ተናግቷል። ሌላ የፊደል ጥንድ ንደፉና ሞክሩ።

አንዱ ሰባራ ብቻ ከወደቀ፦ ያልወደቀው በጂ-ዩ ወይም በሌላ ቦታ አጋር አግኝቷል። ወደ ደረጃ 1 ሐሳብ ለ ተመለሱ።

ምንም ልዩነት ከሌለ፣ ሙቱም ከተተረጎመ፦ አርኤንኤው በዝቷል ወይም ፖታሲየሙ አንሷል። መጠኑን በ4 ከፍላችሁ ሞክሩ።

ሁሉም ዜሮ ከሆነ፦ ካፕ ያለውን ያልተነካ እዩ። እሱም ካልሠራ ጭማቂው ሞቷል፣ ወይም ኢንዛይም የሚያፍን ጨው ገብቷል።

9. ቢቲኢው አስጀማሪውን መያዙን ፈትሹ

ከላይ ያለው ስለ ቀለበቶቹ ነው። ቢቲኢው ኢአይኤፍ4ኤፍን እንደሚሻማ ለማየት፣ 105 ፊደሉን ቢቲኢ ለብቻው ገልብጡና ከያልተነካው ሉሲፈሬዝ አርኤንኤ ጋር አብራችሁ ጨምሩ፤ ከ10 እጥፍ ጀምራችሁ እስከ 100 እጥፍ። አስጀማሪውን እየነጠቀ ሲሄድ ብርሃኑ ይወርዳል። ጎን ለጎን ሙቱን ቢቲኢ በተመሳሳይ መጠን ጨምሩ፤ እሱ ማውረድ የለበትም። እሱም ካወረደ ያፈነው ቢቲኢው ሳይሆን የአርኤንኤው ብዛት ወይም አብሮት የመጣው ጨው ነው። ንጹሕ ኢአይኤፍ4ኤፍ ያላችሁ ጨምሩበትና ብርሃኑ ሲመለስ ማየት ትችላላችሁ።

ይህ ደረጃ የቫይረሱን የራሱን ስልት ያሳያችኋል። በሴል ውስጥ ቢቲኢን የተሸከሙ አጫጭር የቫይረስ አርኤንኤዎች ሲበዙ በዚህ መንገድ የረጅሙን ጂኖም ትርጎማ ያፍናሉ ተብሎ ይታሰባል።

10. ወደ ሴል ውሰዱት

ቲዩብ ውስጥ የሠራ ሁሉ ሴል ውስጥ አይሠራም። 105 ፊደሉ ቢቲኢ ለስንዴ ጭማቂ ይበቃል፣ በሴል ውስጥ ግን የኤ ጭራን ሥራ የሚተካ ተጨማሪ የመጨረሻ ጫፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለዚህ ደረጃ ሙሉ የመጨረሻ ጫፉ ያለበትን ፕላዝሚድ ያዙ፣ ያጠረውን አትጠቀሙ።

ከአጃ ቡቃያ ፕሮቶፕላስት (ግድግዳው የተነሳለት ሴል) አዘጋጁ፣ አምስቱን ካፕ የሌላቸው አርኤንኤዎች ለየብቻ አስገቡ። በሁሉም ውስጥ ካፕና የኤ ጭራ ያለው የሬኒላ ሉሲፈሬዝ አርኤንኤ እኩል ጨምሩ፤ የአንዱ ሳህን ሴሎች ከሌላው ደክመው ቢሆን የሬኒላው ቁጥር ያስታርቀዋል። ከ4 ሰዓት በኋላ ሰብስቡና ለኩ። የሬኒላው ቁጥር ከሳህን ሳህን ከ3 እጥፍ በላይ ከተዋዠቀ ሴሎቹ ሞተዋል፤ ያንን ቀን ጣሉት፣ በሒሳብ ለማዳን አትሞክሩ።

ፍሬምሺፍትን መፈተሽ ለምትፈልጉ

ይኸው ቫይረስ ፖሊመሬዙን፣ ማለትም አርኤንኤውን የሚያባዛለትን ፕሮቲን፣ የሚሠራው ራይቦዞሙ ጂ-ጂ-ጂ-ዩ-ዩ-ዩ-ዩ ላይ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ሲንሸራተት ነው። መንሸራተቱን የሚያግዘው ከአጠገቡ ያለው ግንድና ቀለበት ብቻ አይደለም፤ 4,000 ፊደል ያህል ርቆ በመጨረሻው ጫፍ ካለ ሌላ ቀለበት ጋርም ይገጣጠማል። ማፍረስና መጠገኑ ያው ነው፣ መለኪያው ግን ይለያል። አንድ ሉሲፈሬዝ ብቻ ከለካችሁ፣ የተንሸራተተው ቀነሰ ወይስ ትርጎማው ከነጭራሹ ቀነሰ የሚለውን መለየት አትችሉም። ሁልጊዜ የተንሸራተተውን ውጤት ባልተንሸራተተው ውጤት አካፍሉ፤ ጂ-ጂ-ጂ-ዩ-ዩ-ዩ-ዩ ራሱ የተበላሸበትን ቅጂም እንደ ሙት ያዙ። ሩቁን ቀለበት ስትሰብሩም የቢቲኢውን ግንዶች እንዳትነኩ ካርታው ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ።